ልጆቹ ቀለሙን ሁሉ ጭቃ ያደርጉብኛል፤ ሥዕላቸው ደግሞ ሁሌ ቤትና ፀሐይ ነው። ምን ላድርግ?

ትዕግሥት_የለኝም

ሰላም ለሁላችሁ። አዲስ አበባ አንድ የመንግሥት ትምህርት ቤት ሁለተኛ ክፍል ነው የማስተምረው። ክፍሌ ውስጥ 54 ልጆች አሉ። አንድ ዴስክ ላይ ሦስት ሦስት ሆነው ይቀመጣሉ። ሥዕል በሳምንት አንድ ክፍለ ጊዜ ነው፤ 40 ደቂቃ። ውሃ ለመቅዳትና ለማጽዳት የሚሄደውን ስትቀንሱት ምን እንደሚተርፍ ገምቱት።

ዘንድሮ አንድ ወላጅ በየጠርሙሱ የውሃ ቀለም ገዝተው አመጡልን። ቀይ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴ፣ ጥቁር፣ ነጭ። ደስታዬን አትጠይቁኝ። ሰሌዳው ላይ ክብ ክብ ሠራሁ፣ ቀስት አሰመርኩ፣ «ቀይና ቢጫ ብርቱካናማ፣ ቢጫና ሰማያዊ አረንጓዴ» እያልኩ አስደገምኳቸው። በቃላቸው ያዙት። ከዚያ ቀለሙን አደልኩ። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ክፍሉ በሙሉ አንድ ቀለም ሆነ። በክረምት ኮብልስቶን ባልገባበት ሰፈር የሄደ ሰው ጫማው ላይ የሚያገኘው ቀለም።

ሌላው ደግሞ አለላችሁ። «የፈለጋችሁትን ሳሉ» ስላቸው ሁሉም ቤት ነው የሚስሉት። ሦስት ማዕዘን ጣሪያ፣ ጥግ ላይ ሩብ ፀሐይ፣ በሩ አጠገብ አንድ አበባ፣ ከላይ ባንዲራ። ግማሾቹ እኮ ኮንዶሚኒየም ነው የሚኖሩት! እንዲህ ዓይነት ቤት አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም።

እንግዲህ ጥያቄዬ፦ ቀለም መቀላቀልን እንዴት ላስተምር? ከራሳቸው አውጥተው እንዲስሉስ? ዩቲዩብ ላይ ብዙ አይቻለሁ፤ እዚያ ያሉት ክፍሎች 12 ልጅና 12 ብሩሽ አላቸው። እኔ ጋ ያለው 9 ብሩሽ ነው፤ ሁለቱ ተመልጠዋል።

ቤቢ_ሻይ

ክራዮን ስጫቸውና ተገላገይ እህቴ። ዩኒፎርም የምናጥበው እኛ ነን።

የጎንደሩ_መምህር

ልጄ ትዕግሥት፣ እኔ ጎንደር ላይ ሥዕል ሳስተምር ጡረታ የወጣሁ ሰው ነኝ። ሁለት ችግር አልሽ፤ ለእኔ አንድ ነው። ልጆቹ ብዙ ተሰጥቷቸዋል። ብዙ ቀለም፣ ብዙ ማብራሪያ፣ ብዙ ነፃነት። ቀንሺባቸው።

መጀመሪያ አረንጓዴውን ጠርሙስ ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፊበት። አረንጓዴ ተዘጋጅቶ ከቀረበ ማን ይለፋል? ጥቁሩንም አብረሽ ቆልፊ። ልጅ ጥቁር ካየ ሌላውን ቀለም ሁሉ ይረሳዋል። ነጩ ይቆይ፣ ኋላ እንፈልገዋለን።

አሁን ዴስክሽ ሦስት ልጅ ይይዛል አልሽ። ሰው ይህን እንደ ችግር ያወራዋል፤ ለቀለም ግን ከዚህ የተሻለ የለም። አንዱን የቢጫ ባለቤት፣ አንዷን የቀይ፣ ሌላውን የሰማያዊ ባለቤት አድርጊ። ለእያንዳንዳቸው በሃይላንድ ክዳን ጠብ ጠብ አድርጊላቸው። ሕጉ አንድ ብቻ ነው፦ ማንም የሰው ክዳን ውስጥ ብሩሹን አይነክርም። ብርቱካናማ ያማራት ልጅ ባለቤቶቹን ማስፈቀድ አለባት፤ የተሰጣትን ወስዳ የራሷ ወረቀት ላይ ትቀላቅል። ጫጫታ ይሆናል። ይሁን! «ቢጫ ጨምርልኝና ቀይ እሰጥሃለሁ» የሚል ጫጫታ በቃል ከማስደገም ይሻላል። ሳያስቡ መቀላቀልም ያበቃል፤ ቀለሙ ዋጋ ይኖረዋልና።

ጭቃው ከየት እንደሚመጣ ልንገርሽ። ሁለቱ ብቻ ሲገናኙ አብዛኛውን ጊዜ ጭቃ አይሆንም፤ ሦስተኛው ሲገባ ነው። አረንጓዴ ላይ ቀይ፣ ብርቱካናማ ላይ ሰማያዊ፣ ሐምራዊ ላይ ቢጫ ከጨመርሽ ይጠፋፋሉ። የሚተርፍሽ ቡናማ ወይም ግራጫ ነው። ስለዚህ በመጀመሪያው ሳምንት ቀይ ክፍል ውስጥ አይግባ። ቢጫና ሰማያዊ ብቻ፤ ቀይ የሚደርሰው ልጅ ለዛሬ የውሃና የጨርቅ ኃላፊ ይሁን። ክፍለ ጊዜው በሙሉ አረንጓዴ ነው። ሰሌዳ ላይ ምንም አትሳይ። ጥያቄው ይህ ነው፦ «ጎረቤትህ ያልሠራውን አረንጓዴ ማን ይሠራል?» ከዚያ ስም ያውጡለት። የቃሪያ፣ የሎሚ ልጣጭ፣ የሬት፣ የጎመን፣ የጤና አዳም። አንዱ ልጄ «አያቴ ጓሮ ያለው የባሕር ዛፍ ለጋ ቅጠል» ብሎ ወደ ሰማያዊ የሚያደላ፣ ነጭ የተነፋበት የሚመስል አረንጓዴ ይፈልግ ነበር። ሲያቅተው ነጩን ያወጣሁለት ያን ዕለት ነው። ነጭ የሚሰጠው ለሚፈልገው ምክንያት ላለው ነው።

ደግሞ ሁልጊዜ ከቢጫው ይጀምሩ። ሰማያዊ ጉልበተኛ ነው። ብዙ ቢጫ ላይ የብሩሽ ጫፍ ሰማያዊ ይበቃል። ገልብጠው ከሰማያዊው ከጀመሩ ያንን ለማሸነፍ ቢጫውን ሁሉ ይጨርሱታል። ፈዛዛው ይቅደም፣ ኃይለኛው በጠብታ ይከተል።

በሁለተኛው ሳምንት ቀይና ቢጫ። እዚህ የሚያሳስብሽ ነገር የለም፤ ከእርድ እስከ በርበሬ ድረስ ራሳቸው ይሄዱበታል።

ሦስተኛው ሳምንት ላይ ግን ተዘጋጂ። ቀይና ሰማያዊ ቀላቅለው ሐምራዊ ሲጠብቁ የቡና አተላ ይመጣል። ልጆቹ አልተሳሳቱም፤ ቀዩ ነው። ርካሹ የተማሪ ቀለም ላይ ያለው ቀይ አብዛኛውን ጊዜ ወደ ቲማቲም ያደላል፤ ማለትም ውስጡ ቢጫ አለበት። ሰማያዊ ስትጨምሪበት ሦስቱ ተገናኙ ማለት ነው። ወደ ሮዝ የሚያደላ፣ እንደ ቀይ ሥር ጭማቂ ያለ ቀይ ፈልጊ። የፕሪንተር ቀለም የሚሸጥበት ሄደሽ እይ፤ ካርትሬጁ ላይ ቀይ የሚባል የለም፤ ማጄንታ ነው ያለው። ሰማያዊውም ሳያን ነው፤ ወደ አረንጓዴ የሚያደላ ሰማያዊ። የሚያትሙት ሰዎች ይህን ችግር ድሮ ፈትተውታል። አረንጓዴሽም ከደከመ ምክንያቱ ተመሳሳይ ነው፤ ሰማያዊው ወደ ሐምራዊ አድልቷል።

ጭቃውን ደግሞ አትጥይው። አራተኛው ሳምንት የእሱ ነው። ፊታቸውን ይሳሉ። ያኔ ሦስቱም ቀለም ይፈቀድ። እጃቸውን ወረቀቱ አጠገብ ዘርግተው እያዩ ይቀላቅሉ። መጀመሪያ ብርቱካናማ ሠርተው ሰማያዊ በጠብታ ይጨምሩ፤ ሲጠቁርባቸው ቢጫ ወይም ነጭ። ጠይሙ፣ የቀይ ዳማው፣ ጥቁሩ፣ ቀዩ፣ ሁሉም የየራሱን ያገኛል። ፊት ሲባል ሮዝ ክራዮን የሚያነሱ ልጆች ብዙ አይቻለሁ። የራሱን ቆዳ ቀለም ወረቀት ላይ ሠርቶ ከእጁ ጋር ያመሳሰለ ልጅ ወደዚያ ሮዝ ሲመለስ ግን አላየሁም። ያ ሁሉ ቡናማ ያኔ ስንት ዓይነት እንደሆነ ታያለሽ።

ወደ ቤቱና ፀሐዩ ልምጣ። «የፈለጋችሁትን ሳሉ» ሲባል ልጅ የሚስለው መሳል የሚችለውን ነው። ያንን ቤት ደግሞ ታላቅ ወንድሙ አሳይቶታል። ርዕስ አትስጪ፣ ጥያቄ ስጪ። ማንም መልሱን የማያውቀው ጥያቄ። «ጅብ ቀን ቀን የት ነው የሚተኛው? ቤቱ ውስጥ ምን ምን አለ?» አንዷ ተማሪዬ የጅቡ በር ላይ ጫማ ደርድራ ሳለች። የማነው ስላት «የበላቸው ሰዎች» አለችኝ። የልጅና የአዋቂ፣ አንድ የወታደር ቦት ጭምር። ያቺ ልጅ ከዚያ በፊት ደብተሯ ላይ ያለው ያው የሁሉም ቤት ነበር።

ላንቺ ኮንዶሚኒየም ለሚኖሩት፦ «ጣሪያው ላይ ያለው የውሃ ታንከር ውስጥ ማን ይኖራል?» ወይም «መብራት የጠፋበትን ሌሊት ጥቁር ሳትጠቀሙ ሳሉ።» ይህኛው ሁለቱንም በአንድ ያስተምርልሻል፤ ሌሊቱን ከሰማያዊና ከቡናማ ነው የሚያመጡት።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ከቤተ ክርስቲያን ሥዕል የወሰድኩት ነው። በጥንቱ ሥዕል ጻድቁ ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሳላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ደብረ ብርሃን ሥላሴ ልጆቹን ይዤ ስሄድ ጣሪያው ላይ ያሉትን የመላእክት ፊቶች ካዩ በኋላ «አንድ ዓይን ያላቸውን ፈልጉ» እላቸዋለሁ። ሲያገኙ ያለው ደስታ! ከዚያ ክፍል ተመልሰን ለራሳቸው ሥዕል አንድ ሕግ ያወጣሉ። «በእኔ ሥዕል የተናደደ ሁሉ ሰማያዊ ነው።» «በእኔ ሥዕል እናቶች ከዛፍ ይረዝማሉ።» ሕጉን ያወጣ ልጅ ከጎረቤቱ አይቀዳም፤ የጎረቤቱ ሥዕል የሚሄደው በሌላ ሕግ ነዋ።

ረዘመብኝ። ብሩሹን በኋላ እናወራለን።

አራዳ_የ80ዎቹ

መምህር፣ በአክብሮት አንድ ነገር ልቃወም። ቤቱን ደጋግሞ መሳል ያን ያህል ኃጢአት ነው? እኛ ሰፈር ወንዶቹ ለእንቁጣጣሽ ሥዕል እየሳልን ቤት ለቤት እንዞር ነበር። መልአክ፣ አበባ፣ ፀሐይ። መልአኩ በየዓመቱ ያው ነው፤ ከትልልቆቹ እየቀዳን ነው የምንስለው። ቀለሙ ላይ ግን ፉክክር ነበር። አንድ ጓደኛችን ክንፉን ቢጫና አረንጓዴ አደባልቆ ሰጥቶ ከሁላችንም በላይ ሳንቲም ሰበሰበ። ቅርጹን ስለማናስብበት ነው ቀለሙን ያሰብንበት። ቤቱን ተውላቸውና በቤቱ ቀለም ይጫወቱ።

የጎንደሩ_መምህር

ይህም ያስኬዳል። ቀለም ስታስተምሪ ቅርጹ ቢደጋገም ግድ የለም፤ እንዲያውም ያግዛል። ያው ቤት በጠዋት፣ በዝናብ፣ በእሳት ቃጠሎ ሰዓት። ግን ዓመቱን ሙሉ መልአክ ብቻ ስላችሁ ቢሆን ኖሮ ይሰለቻችሁ ነበር፤ ለእንቁጣጣሽ ስለሆነ ነው ያማረው።

የእናቴ_ጓዳ

ጠርሙሱ ሲያልቅስ? ከጓዳ እኮ ቀለም አይጠፋም። እርድ ቢጫ ነው። የቡና አተላ ቡናማ። የተፈጨ ከሰል ጥቁር። ቀይ ሥር ያንን መምህር ያሉትን ሮዝ ቀይ ይሰጣል። ወረቀት ላይ እንዲይዝ የግራር ሙጫ በውሃ አሟምተሽ ቀላቅይው፤ የሚሸጠው የውሃ ቀለምም የሚያያዘው በሙጫ ነው።

ልጆች አፋቸውን የሚከፍቱበትን ልንገርሽ። ወረቀቱን በእርድ ውሃ ቀቢና ይድረቅ። ከዚያ በሳሙና ውሃ ወይም የዳቦ ሶዳ በተበጠበጠበት ውሃ ይሳሉበት። ውሃው የነካው ቢጫ ሁሉ ቀይ ይሆናል! ሎሚ ሲያንጠባጥቡበት ወደ ቢጫው ይመለሳል። ቀለም ሳይቀላቀል ቀለም ተለወጠ። ግን ግድግዳ ላይ ፀሐይ በሚመታው በኩል አትስቀይው፤ የእርድም የቀይ ሥርም ቀለም ቶሎ ይለቃል።

ዝም_ብዬ_አንባቢ

ሐሳቡ ጥሩ ነው፤ ግን ምግብ ላይ ስንደርስ ቆም እንበል። እኔ ባደግኩበት ቤት የወደቀ ቁራሽ አንስተን ስመን ነው ከፍ ያለ ቦታ የምናስቀምጠው። ቁርሱን ሳይበላ የመጣ ልጅ ፊት ቀይ ሥር እየፈጩ «ተጫወቱ» ማለት ለእኔ አይዋጥልኝም።

የእናቴ_ጓዳ

እውነትህን ነው። ዱቄትና እንቁላል እኔም አልነካም። እርድ ግን አንድ የሻይ ማንኪያ ለክፍሉ በሙሉ ይበቃል፤ ቀይ ሥርም ልጣጩን ቀቅሎ ማጥለል ይቻላል። አተላና ከሰል ደግሞ ያው የሚጣል ነው።

የቅዳሜ_ትምህርት_ቤት

ከአሜሪካ፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ ነኝ። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ለተወለዱ ልጆች አማርኛ አስተምራለሁ። ትዕግሥትዬ፣ ቀለም ስለሌለሽ እንዳይመስልሽ። እኛ ጋ በመደርደሪያው ሙሉ ቀለም አለ፤ ልጆቹ አንዱንም አይቀላቅሉም። ሐምራዊ ሲፈልጉ ሐምራዊውን ጠርሙስ ያነሳሉ፣ አለቀ። እዚህም ያው ቤት ነው የሚስሉት፤ የእነሱ የጭስ ማውጫ አለው እንጂ።

ሦስት ጠርሙስ ብቻ ማውጣት ከጀመርኩ ወዲህ አማርኛውም ተሻሻለ። «ቢጫ አቀብለኝ»፣ «በዛ፣ ቀንሺልኝ»፣ «ትንሽ ጨምሪበት» ሳይል ማንም የሚፈልገውን አያገኝማ።

ለአየር ላይ ቅልቅል ደግሞ የከረሜላ መጠቅለያ እጠቀማለሁ፤ ያንን ብርሃን የሚያሳልፈውን ባለ ቀለም ፕላስቲክ። ቢጫውን ሰማያዊው ላይ ደርቦ መስኮት ላይ መያዝ ነው። ውሃ የለ፣ ብሩሽ የለ፣ የሚቆሽሽ ዩኒፎርም የለ (ቤቢ ሻይ ልብ በይ)። ልጆቹ ከወደዱት የአፈወርቅ ተክሌን የአፍሪካ አዳራሽ የመስታወት ሥዕል በፎቶ አሳያቸዋለሁ፤ 150 ካሬ ሜትር፣ ብርሃን ከኋላው እየገባ የሚያበራው። አንቺ አዲስ አበባ ስላለሽ ከፎቶ የተሻለ ዕድል አለሽ።

ትዕግሥት_የለኝም

ሞከርኩት! አረንጓዴውን ሳምንት ጨርሰን ትናንት ብርቱካናማውን አደረግን። መምህር፣ እግዜር ይስጥልኝ።

በአረንጓዴው ዕለት 36 ልጆች ቀባቢ፣ 18 የውሃ ኃላፊ ሆኑ። ኃላፊዎቹ ያኮርፋሉ ብዬ ፈርቼ ነበር፤ ጨርቁን ይዘው ዳይሬክተር ሆነው ቁጭ አሉ። የወጡት ስሞች፦ «የታክሲ ወንበር አረንጓዴ»፣ «ያልበሰለ ማንጎ»፣ «የቄሱ ጃንጥላ»፣ «የታመመ አረንጓዴ»። የመጨረሻውን ያለው ልጅ በእርግጥም የታመመ ነገር ነው የሠራው፤ ግድግዳው ላይ ሰቀልኩለት። ጠረጴዛዬ ላይ የነበረውን እስክሪብቶ ክዳን እያሳየ «ይሄን መሥራት እችላለሁ» ብሎ የተወራረደ አለ። ተሸነፈ፤ ግን ሳምንቱን ሙሉ ክዳኑን ይዞ ሄደ።

ብርቱካናማው ላይ ግን ያላሰብኩት ነገር መጣ። ቢጫ የያዙት ሀብታም ሆኑ። አረንጓዴውም ብርቱካናማውም ያለ ቢጫ አይሆንም፤ ደግሞ ብዙ ይፈልጋል። ቢጫው ሲያልቅ ባለቤቶቹ ዋጋ ጨመሩ። አንዱ በጠብታ ማስቲካ ሲጠይቅ ያዝኩት። አንድ ዴስክ ላይ ደግሞ ለቅሶ ነበር።

የቀሩኝ ጥያቄዎች፦ ቢጫውን ምን ላድርግ? ብሩሹስ? አንድ የሥራ ባልደረባዬ የብረት በር ከተቀባበት የተረፈ ቢጫ ቀለም በቆርቆሮ አለኝ ብላኛለች፤ ልቀበላት? ደግሞ ዳይሬክተራችን የሥዕል ውጤት ከመቶ ይፈልጋሉ። የጅብ ቤት ከመቶ ስንት ይሰጠዋል?

የጎንደሩ_መምህር

ማስቲካው አስቆኛል። ቢጫውን ከሌሎቹ እጥፍ አድርገሽ ስጪ። ባለቤትነቱም በየሳምንቱ ይዙር፤ ሁሉም ቢጫ ይዞ ይቅመሰው፣ ሁሉም ሰማያዊ ይዞ ይለምን።

የብረት በር ቀለሙን በፍጹም አትቀበዪ። የዘይት ቀለም ነው። እንዲህ ያሉ ደማቅ ቢጫና ቀይ የብረት ቀለሞች እርሳስ የሚባለው መርዘኛ ብረት ሊኖርባቸው ይችላል፤ ልጅ ደግሞ እጁን አፉ ውስጥ ይከታል። በውሃም አይታጠብም። ባልደረባሽን አመስግነሽ መልሺ።

ለብሩሽ፣ መፋቂያ ጫፉን ቀጥቅጠሽ ተጠቀሚ። ጭረቱ ሸካራ ነው፣ ለሣርና ለጅብ ፀጉር ከብሩሽ ይበልጣል። ለአንድ ልጅ አንድ፤ ማንም የሌላውን አይንካ። ለሰፊ ቦታ የስፖንጅ ቁራጭ በልብስ መቆንጠጫ አስይዢ። ዘጠኙ ብሩሽ በየተራ ለቀጭን መስመር ይሁን፤ ተመላጮቹ ለነጠብጣብ ያገለግላሉ። ውሃው በየዴስኩ ሁለት ዕቃ ይሁን፣ አንዱ ለመጀመሪያ እጥበት፣ ሌላው ለማለቅለቂያ። በአንድ ዕቃ ከሆነ ጭቃው በውሃው በኩል ተመልሶ ይገባብሻል።

ውጤቱን በተመለከተ፣ ለጅቡ ቤት ማርክ አትስጪ። አንዱ ልጅ 90 ሌላው 60 ካገኘ በሚቀጥለው ሳምንት 60 ያገኘው የ90ውን ጅብ ይቀዳል፤ የለፋሽበት ሁሉ ገደል ገባ። ማርኩን ማየት ለምትችዪው ነገር ስጪ። ከሁለት ቀለም አራት የተለያየ አረንጓዴ ሠርቷል? ያሳየሽውን ቅጠል አመሳስሏል? የሌላውን ክዳን ሳያቆሽሽ ጨርሷል? ዕቃውን አጥቧል? ለሥዕሉ ያወጣውን ሕግ ሲጠየቅ መናገር ይችላል? እያንዳንዱ ከ20። ድምሩ መቶ ነው፤ ዳይሬክተርሽም ይደሰታሉ።

በነገራችን ላይ ሐምራዊው ሳምንት ላይ ደርሰሻልና ሮዝ ቀዩን ካላገኘሽ የቀይ ሥሩን ልጣጭ ሞክሪ። ሰማያዊውን ከጠርሙሱ አድርጊና መጀመሪያ ለብቻሽ ፈትሺው፤ ልጆቹ ፊት አይሁን።

ቤቢ_ሻይ

የልጄ ክፍል አስተማሪ ይህን አንብባ ይሆን? ዛሬ ጧት መፋቂያ ይዤ ካልሄድኩ ብሎ በር ላይ ቆመብኝ።